ነባሩን ጡረተኛ በአዲስ መመሪያ አትመዝኑት

ይድረስ፦ ለጡረተኞች የመኖሪያ ቪዛ ለሚሰጡ አገሮች የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች፣ የጡረታ አበል ከድንበር ውጭ ለሚከፍሉ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋማት፣ እንዲሁም ለሁለቱም ሕግ ለሚያወጡ ምክር ቤቶች

ክቡራትና ክቡራን፣

የሠራንበትን አገር ትተን በሌላ አገር ጡረታችንን የምናሳልፍ ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያስገደደን የምንኖርበት አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያወጣው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ለጡረተኛ ቪዛ የሚጠየቀው የወር ገቢ ከፍ ማለቱን ይገልጽና፣ አዲሱ መጠን ገና በሚያመለክቱት ላይ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት በኖርነውም ላይ ከመጀመሪያው የእድሳት ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ ያክላል። ከመካከላችን ለእድሳት ቀናቸው አንድ ወር እንኳ ያልቀራቸው ነበሩ። አቤቱታ አስገባን። ያገኘነው መልስ «መመሪያው ይህ ነው» የሚል ነው፤ እሱንም በቃል የነገረን የመስኮቱ ሠራተኛ ነው።

የአገሩን ስም አንጠቅስም። ፈርታችሁ ነው ብትሉን አንከራከርም፤ ፋይላችን ገና ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ደግሞም ነገሩ የአንድ አገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ለአንድ ኃላፊ ይበቃ ነበር። በዓለም ዙሪያ የጡረተኛ ቪዛ የሚሰጡም ሆኑ ጡረታ የሚከፍሉ መንግሥታት የሠሩትን ስናይ፣ ያው ስህተት በተለያየ ልብስ ይመላለሳል። ሰውየው ሕይወቱን በአንድ ሕግ ላይ ከመሠረተ በኋላ ሕጉ ይለወጥና ልዩነቱን እንዲከፍል የሚጠየቀው እሱ ይሆናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደብዳቤውን እንዳረቅቅ የተመረጥኩት እኔ በሥራ ዘመኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቁጥር ካበዛሁ ከዚያ የቀረ ልማድ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጡረተኛ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ አስልቶ ነው የሚሄደው። በወር የሚገባውን አበል፣ የቤት ኪራዩን፣ የጤና መድኑን፣ ቪዛው የሚጠይቀውን ገቢና በባንክ የሚታገደውን ገንዘብ ደማምሮ፣ ብዙውን ጊዜም ቤቱን ሸጦ ይነሣል። ወጣት ሠራተኛ ስሌቱ ሲፋለስበት ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ለእኛ ግን ያ በር በሕግ የተዘጋ ነው፤ የጡረተኛ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ተቀጥሮ መሥራትን ይከለክላልና። ስፔን ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የምትሰጠው ፈቃድ ከነስሙ «ትርፍ የማያስገኝ መኖሪያ» የሚባል ነው። ስለዚህ መመዘኛውን ከፍ ስታደርጉብን ገቢያችንን ከፍ የምናደርግበት መንገድ የለንም። «ይህን አሟላ» ብላችሁ ማሟያውን ራሳችሁ ከልክላችኋል።

የማሌዥያን ጉዳይ አስቀድመን እናንሣ፤ ምክንያቱም በዚያ ጉዳይ ውስጥ ስህተቱም እርማቱም አለ። ማሌዥያ «ሁለተኛ ቤቴ» ባለችው መርሐ ግብር ከ2002 ጀምሮ የውጭ ሰዎችን ስትጋብዝ ቆየች። በ2021 ግን ከውጭ የሚገባው የወር ገቢ ከ10,000 ሪንጊት ወደ 40,000 ዘለለ። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው በባንክ የሚያስቀምጠው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ደግሞ ከ150,000 ሪንጊት ወደ 1 ሚሊዮን ተሰቀለ። መጀመሪያ የተነገረው ነባሮቹም የአንድ ዓመት እፎይታ ተሰጥቷቸው እንዲያሟሉ ነበር። በአራት እጥፍ ያደገ ገቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ከየት ያመጣ ይሆን፣ ጡረታው በወር በወር የሚቆጠር ሰው? ተቃውሞው በረታ፤ የማሌዥያ ግዛት የሆነችው የጆሆር ሱልጣን ሳይቀሩ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በአደባባይ ጠየቁ። በመጨረሻ ነባሮቹ ከአዲሱ የገንዘብ መመዘኛ ነፃ ተደረጉ፤ የዓመት ክፍያቸው መጨመሩና በየዓመቱ በአገሪቱ ለተወሰነ ጊዜ የመቆየት ግዴታው ግን አልቀረላቸውም። እኛም የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። የሚቆጨን፣ እርማቱ የተገኘው ሰዎቹ ዕቃቸውን መሸጥ ከጀመሩ በኋላ መሆኑ ነው።

በታይላንድ የሆነው ደግሞ በሁለት መንግሥታት መካከል የወደቀ ወረቀት ታሪክ ነው። ዕድሜው 50 የሞላ የውጭ ሰው በጡረታ ምክንያት ቆይታውን ለማራዘም በታይላንድ ባንክ 800,000 ባት፣ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ፣ ወይም ሁለቱ ተደምረው 800,000 የሚሞሉ መሆናቸውን ያሳያል። ገቢውን ለማሳየት ለብዙ ዓመታት የኤምባሲ ደብዳቤ ይበቃ ነበር። በ2018 መጨረሻ ላይ የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ደብዳቤውን መስጠት አቆሙ። የታይላንድ ባለሥልጣናት «የጻፋችሁትን ገቢ አረጋግጡልን» አሉ፤ ኤምባሲዎቹም «የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ልናረጋግጥ አንችልም» አሉ። ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከል የቆመው ጡረተኛ ግን ወይ የ12 ወር የባንክ ዝውውር ያሳያል፣ ወይም 800,000 ባት ያግዳል። በ2019 ደግሞ የሚታገደው ገንዘብ ከማመልከቻው 2 ወር በፊትና ከፈቃዱ 3 ወር በኋላ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ በቀረውም ጊዜ ከ400,000 እንዳያንስ ተደነገገ። ለመታከሚያ ያስቀመጠው ገንዘብ ያ ብቻ የሆነ ሰው ሲታመም ወይ ቪዛውን ወይ ሐኪሙን ይመርጣል ማለት ነው።

የምንዛሪው ነገር ከዚህም የከፋ ነው፤ ሕጉ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ የሚለወጠው በእሱ በኩል ነውና። በ2006 አካባቢ አንድ የብሪታንያ ፓውንድ ወደ 70 ባት ገደማ ይመነዘር ነበር። በ2019 ክረምት ከ40 በታች ወርዶ በ38 አካባቢ ይዋልል ነበር። ይኸው 65,000 ባት በመጀመሪያው ጊዜ 930 ፓውንድ ያህል ነው፤ በሁለተኛው ከ1,700 ፓውንድ ይበልጣል። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ መመዘኛው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው፤ ማንም ግን መመሪያ አላወጣም፣ ማንም አልፈረመም፣ ስለዚህም አቤት የሚባልበት ሰው የለም። ገቢው በአንድ ገንዘብ፣ ግዴታው በሌላ ገንዘብ የተጻፈ ሰው ጡረተኛ ሳይሆን ሳይወድ በግድ የምንዛሪ ነጋዴ ሆኗል። በዚህ ረገድ የአሜሪካን ዶላር የምትጠቀመው ፓናማ ትሻላለች፤ በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ያለው ሰው ቢያንስ አበሉ በዶላር እስከሆነ ድረስ እንቅልፍ አያጣም። ፖርቱጋል የገቢ መመዘኛዋን ከዝቅተኛው ደሞዝ ጋር አስራለች፤ በ2024 820 ዩሮ፣ በ2025 870 ዩሮ ነበር። ያድጋል፣ ግን በምን እንደሚያድግ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህም ለስሌት ይመቻል።

አሁን ወደ ከፋዮቹ ልምጣ።

የብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ በአገር ውስጥ በየዓመቱ ይጨመራል፤ ጭማሪውም ከዋጋ ግሽበት፣ ከደሞዝ ዕድገትና ከ2.5 በመቶ ከፍተኛው ነው። ጡረተኛው ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ፊሊፒንስ ቢሄድ ጭማሪው ይከተለዋል። ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድ ወይም ታይላንድ ቢሄድ ግን አበሉ በነበረበት ይደርቃል። ዕድሜ ልካቸውን ያንኑ መዋጮ የከፈሉ፣ በአንድ ቢሮ ጎን ለጎን የሠሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከናያጋራ ፏፏቴ በአሜሪካው ዳር፣ ሌላው በካናዳው ዳር ቢኖሩ አንደኛው ጭማሪውን ያገኛል፤ ሁለተኛው አያገኝም። ልዩነቱ በብሪታንያና በሚኖሩበት አገር መካከል ጭማሪውን የሚያካትት ስምምነት መኖር አለመኖሩ ብቻ ነው። በዚህ የተጎዱት ከ400,000 በላይ ሰዎች ናቸው።

ይህ ምን ያህል እንደሆነ ላስላው። ዝቅተኛውን 2.5 በመቶ ብቻ እንውሰድ፤ ደሞዝ ወይም ግሽበት ከዚያ የበለጠባቸው ብዙ ዓመታት መኖራቸውን ለጊዜው እንርሳ። በ100 ፓውንድ ጡረታ የጀመሩ ሁለት ሰዎች ከ20 ዓመት በኋላ አንዱ ወደ 164 ፓውንድ፣ ሌላው አሁንም 100 ፓውንድ ይቀበላሉ። ያ 100 ፓውንድም የ20 ዓመት ግሽበት ቦርቡሮት የሚቀረው ነው። ጡረተኛው ሲያረጅ የሚያስፈልገው ይበዛል፤ የሚያገኘው ያንሳል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም እንዳትሉ፤ በደቡብ አፍሪካ ከምትኖር ጡረተኛ ተነሥቶ በ2005 በብሪታንያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ በ2010 ደግሞ በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቅ ችሎት ታይቷል። ችሎቱ 11 ለ6 በሆነ ድምፅ ጡረተኞቹን ረታቸው። ውጭ የሚኖረው በአገር ውስጥ ካለው ጋር በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ አይደለም ሲል ነው የበየነው። ስለ ሕጉ ፍርዱን እንቀበላለን። ሆኖም ፍርድ ቤቱ መንግሥት ጭማሪውን እንዳይከፍል አልከለከለም፤ ላለመክፈል መብት አለው አለ እንጂ። ስለዚህ ጥያቄያችን ወደ ሕግ አውጪው ይመለሳል።

ስምምነት ባለበት ቦታ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ለሚፈልግ የአውሮፓ ኅብረት ቅርብ ነው። ደንብ ቁጥር 883/2004 በተለያዩ አባል አገሮች የተሠሩ ዓመታት እንዲደመሩ፣ አበሉም ሰውየው በሚኖርበት አባል አገር እንዲከፈለው ያደርጋል። አሜሪካም ከ30 ገደማ አገሮች ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት፤ የመጀመሪያው በ1978 ከጣሊያን ጋር ሥራ ላይ የዋለው ነው። ስምምነት ከሌለው አገር የመጣና በአሜሪካ 9 ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ግን የሚያስፈልገውን 40 የሥራ ነጥብ፣ ማለትም 10 ዓመት፣ ስላልሞላ የከፈለውን መዋጮ እዚያው ትቶ ይሄዳል። ከውጭ አገር የጡረታ አበል ያለውን ሰው የአሜሪካ ጡረታ ይቀንስ የነበረው የ1983ቱ ድንጋጌ የተሻረው በጥር 2025 ነው። ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ሲቀነስባቸው ኖረው ሳያዩት የሞቱትን ማንም አይክሳቸውም።

አበል ከነጭራሹ ሲቆም ምን እንደሚመስል የቬንዙዌላ ጡረተኞች ያውቁታል። ከ2016 መጀመሪያ ገደማ ወዲህ በስፔንና በሌሎች አገሮች የሚኖሩት አበላቸው ሳይላክላቸው ቀርቷል። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ችግር የታወቀ ነው። ነገር ግን ጡረታ የመንግሥት ስጦታ ቢሆን ኖሮ ሲቸግር ይቀራል እንል ነበር፤ ተቆርጦ የተቀመጠ ደሞዝ ነውና አንልም።

ብዙዎቻችንን የሚያንገላታው ግን ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ነገር ነው፤ በሕይወት መኖርን የሚያረጋግጠው ቅጽ። ከፋዩ ተቋም በየጊዜው ቅጽ ይልካል፤ ጡረተኛው ምስክር ፊት ይፈርማል፤ በተወሰነው ቀን ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። የሞተ ሰው አበል የሚበሉ ዘመዶች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ቁጥጥሩን አንቃወምም። የምንቃወመው አሠራሩን ነው። ከመካከላችን አንዱ ወገቡን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቅጹ በፖስታ ዘግይቶ ደረሰው። የሆስፒታሉ ሐኪም ፈረሙለት። ከፋዩ ግን የሐኪሙ ማኅተም ከተፈቀዱት ምስክሮች ዝርዝር ጋር አይስማማም ብሎ መለሰው። አበሉ ለወራት ቆመ። ከዚያ ቪዛው ተከተለ፤ ኢሚግሬሽኑ በየወሩ ሳያቋርጥ የገባ ገቢ ይጠይቃል፣ የባንክ መግለጫው ላይ ደግሞ ባዶ ወራት ታዩ። አበሉ በኋላ ተጠራቅሞ ቢመጣም ባዶዎቹ ወራት ባዶ ሆነው ቀሩ። አንደኛው መሥሪያ ቤት ባጠፋው ሌላኛው ቀጣው፤ ሁለቱም ግን በየመመሪያቸው ትክክል ነበሩ። ይህ ሰው በዚያ ጊዜ ሁሉ በሕይወት ነበር፤ አሁንም አለ።

ስለ ግብር ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ጉዳይ ይበቃናል። ፖርቱጋል በ2009 ለአዲስ ነዋሪዎች ልዩ የግብር ሥርዓት ዘርግታ ከውጭ የሚመጣ ጡረታን ነፃ አደረገች። በ2020 አዲስ በሚገቡት ጡረታ ላይ የ10 በመቶ ግብር ጣለች፤ ከ2024 ጀምሮ ሥርዓቱን ለአዲስ አመልካቾች ዘጋችው። ቀድሞ የገቡት ግን የተነገራቸውን የ10 ዓመት ጊዜ እንዲጨርሱ ተፈቀደላቸው። ይህን አሠራር ሌሎችም እንዲከተሉት እንመኛለን። ቃሉ የፈረሰው በላኪዎቹ በኩል ነው። ፊንላንድና ስዊድን ጡረተኞቻቸው በሁለቱም አገር ሳይከፍሉ መኖራቸው አስቆጥቷቸው ከፖርቱጋል ጋር የነበራቸውን የድርብ ግብር ማስቀረት ስምምነት አፈረሱ፤ የመጀመሪያዋ ከ2019፣ ሁለተኛዋ ከ2022 ጀምሮ። ቁጣቸውን እንረዳለን፤ በተራ ሠራተኛ ትከሻ የሚገኝ ጥቅም ነበርና። ይሁንና ስምምነቱን የፈረሙት ጡረተኞቹ አልነበሩም። ታይላንድ ደግሞ ከጥር 2024 ጀምሮ በዓመት 180 ቀን የሚኖር ሰው ከውጭ የሚያስገባውን ገቢ፣ ገቢው ከ2024 ወዲህ በየትኛውም ዓመት የተገኘ ቢሆን፣ ግብር እንዲከፍልበት አተረጓጎሟን ለወጠች። ከዚያ በፊት ባለፈው ዓመት ያጠራቀመውን ዘንድሮ ያስገባ ሰው አይጠየቅም ነበር። ኢሚግሬሽኑ በወር 65,000 ባት አስገባ ይላል፤ ግብሩ ያስገባኸውን አሳውቅ ይላል።

የጤናው ጉዳይ የአብዛኞቻችን ትልቁ ስጋት ነው። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ የአዛውንት የመንግሥት ጤና መድን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ጡረተኛው ውጭ እያለ የሐኪም አገልግሎቱን ክፍል ቢያቋርጥ፣ ሲመለስ ባዘገየበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ወርኃዊ ክፍያው ላይ 10 በመቶ ቅጣት ይታከልበታል፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ለማይጠቀሙበት መድን እየከፈሉ፣ በሚኖሩበትም አገር ሁለተኛ መድን ይገዛሉ። ስፔን ሕመምተኛው ምንም የማይጋራበት የተሟላ የግል መድን ትጠይቃለች። ታይላንድ ከጥቅምት 31 ቀን 2019 ጀምሮ በአንደኛው የረጅም ጊዜ የጡረተኛ ቪዛ ዓይነት ለተኝቶ መታከም 400,000፣ ለተመላላሽ 40,000 ባት የሚሸፍን መድን ጠየቀች፤ ኋላም መጠኑን ከፍ አደረገችው። መድን መጠየቁ ፍትሐዊ ነው፤ ያልተከፈለ የሆስፒታል ዕዳ በአስተናጋጁ ሕዝብ ላይ መውደቅ የለበትም። ነገር ግን ብዙ የመድን ድርጅቶች ዕድሜው ከ70 ወይም ከ75 ያለፈ አዲስ ደንበኛ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም የቆየ ሕመሙን ከውሉ ያወጡበታል። በ62 ዓመቱ ያለ መድን ግዴታ ገብቶ በ76 ዓመቱ መድን አምጣ የሚባል ሰው ከማን ይግዛው? ኮስታ ሪካ መላ አግኝታለች፤ የጡረተኛ ነዋሪዎቿን በሕዝባዊው የጤና መድን እንዲመዘገቡና እንደ ገቢያቸው እንዲያዋጡ ታደርጋለች። ለሕዝቧም ለእኛም የሚበጀው ይህ ነው።

ባንኮችን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን ሒሳብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው የ2010ሩ የአሜሪካ ሕግ ከወጣ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ባንኮች አሜሪካዊ ደንበኛን መሸሽ ጀምረዋል፤ በ2020 መጨረሻም የተለያዩ የብሪታንያ ባንኮች በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ደንበኞቻቸውን ሒሳብ ዘግተዋል። ሒሳብ የሌለው ጡረተኛ አበሉን የሚቀበልበትም፣ ገቢውን ለኢሚግሬሽን የሚያሳይበትም የለውም። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ባልና ሚስት ደግሞ ማንም የማያነሣው ነገር አለ። በብዙ አገር ቪዛው በአንዱ ስም ይሆንና ሌላው ጥገኛ ተብሎ ይመዘገባል። ለምሳሌ በወር 1,800 ዶላር ጡረታ ያለው ሰው 1,000 ዶላር በሚጠይቅ አገር ከነሚስቱ ይኖራል እንበል። ሲሞት ለሚስቱ የሚተላለፈው ግማሹ ከሆነ 900 ዶላር ነው። በሐዘኗ ሳምንት ባሏንም፣ የገቢዋን ግማሽም፣ የመኖሪያ ፈቃዷንም ታጣለች። በማኅበራችን ባሏን ቀብራ ሳትጨርስ ቪዛዋን በምን ስም እንደምታድስ የጠየቀችን ሴት አለች። የምንመልስላት አልነበረንም።

ከአስተናጋጅ አገሮች በኩል የምንሰማውን ክርክር አንሸሸውም። የቤት ኪራይ አስወደዳችሁ ይሉናል። በብዙ ከተሞች እውነት ነው፤ በጠንካራ ገንዘብ የሚከፈለው ተከራይ ሲበዛ ደካማ ገንዘብ የሚያገኘው ነዋሪ ይገፋል። ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውም የእናንተ ሥልጣን ነው። ብሪታንያ ራሷ ገቢ ላላቸው ጡረተኞች የነበራትን የመግቢያ ፈቃድ በ2008 ለአዲስ አመልካቾች ዘግታዋለች፤ አሜሪካም የጡረተኛ ቪዛ የላትም። በሩን መዝጋት መብታችሁ ነው። ከውስጥ ያለውን ሰው በመስኮት መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህም የአውስትራሊያን ምሳሌ እንጥቀስ፤ ለአዲስ አመልካቾች በተዘጋ የጡረተኛ ቪዛ ለብዙ ዓመታት ቋሚ ነዋሪ ሳይሆኑ የኖሩ ሰዎች፣ በ2018 ለቋሚ ነዋሪነት የሚያመለክቱበት መንገድ ተከፍቶላቸዋል። ዘግይቷል፤ ግን ሆኗል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች፣ የገንዘብና የመድን መመዘኛ ስትለውጡ ለውጡ ከወጣበት ቀን በኋላ በሚያመለክቱ ላይ ብቻ እንዲሠራ በሕግ ደንግጉ። ነባሩ ሰው በገባበት መመዘኛ ይታደስለት። ይህ አይሆንም የምትሉ ከሆነ የመሸጋገሪያው ጊዜ ከአምስት ዓመት አይነስ፤ ቤት ሽጦ፣ ሌላ አገር አጥንቶ፣ ሐኪም ቀይሮ ለመነሣት በእኛ ዕድሜ ከዚያ ያነሰ አይበቃም። መመዘኛው በአገር ውስጥ ገንዘብ ከተጻፈ የሚሰላው በዕለቱ ምንዛሪ ሳይሆን ባለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ይሁን። የታገደውን ተቀማጭ ለሕክምና ያወጣ ሰው የሆስፒታል ደረሰኝ ካቀረበ ቪዛውን አይጣ። የሟች ባል ወይም ሚስት ፈቃድ ለቀሪው በራሱ ስም ይተላለፍ፤ ገቢውም በአንድ ሰው መጠን ይመዘን። መድን የሚሸጥለት ላጣ አዛውንት በሕዝባዊው መድን እየከፈለ የሚገባበት በር ይከፈት።

የጡረታ ከፋዮች፣ ጭማሪ ለሁሉም ይሁን፤ መዋጮ ስትቀበሉ ሠራተኛው ወደፊት የት ሊኖር እንደሚያስብ አልጠየቃችሁም። ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈል ከበዳችሁ ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ጭማሪ ክፈሉ። በሕይወት የመኖር ማረጋገጫው በቪዲዮ ጥሪ ወይም በማንኛውም ፈቃድ ያለው ሐኪም ፊርማ ይሁን፤ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍም ክፍያ ከመቆሙ በፊት በስልክና በደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ። በእናንተ መዘግየት ምክንያት ወራት ከተዘለሉ ለኢሚግሬሽን የሚቀርብ የማስተካከያ ደብዳቤ ሳንለምን ስጡን።

ሕግ አውጪዎች፣ የድርብ ግብር ስምምነት ስታፈርሱ በስምምነቱ ተማምነው ለሄዱት የመሸጋገሪያ ዓመታት አስቀምጡ። የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ከሌላችሁ አገሮች ጋር ተነጋገሩ። ሒሳቡ ለሚዘጋበት ጡረተኛም አበሉን የሚቀበልበት አንድ መሠረታዊ ሒሳብ በሕግ ይፈቀድለት።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። በቃል የሚነገር «መመሪያ ነው» መልስ አድርገን አንቆጥረውም።

ከሰላምታ ጋር፣

ከአገራቸው ውጭ የሚኖሩ ጡረተኞች የመረዳጃ ስብስብ ጸሐፊ፣
የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
የመኖሪያ ፈቃዳቸው ዘንድሮ ለሚታደስ አባላት በሙሉ